ትከሻዬን አበለዘው፣ እኔ ግን እሱኑ እያሰብኩ ነው

የሱሉልታው ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ አንዳንዶቻችሁን ያስቃችሁ ይሆናል። ሳቁ፣ ግድ የለም፣ ብቻ መልሱልኝ።

ባለፈው ክረምት ቨርጂኒያ የአክስቴ ልጅ ጋ ሄጄ ነበር። እሱ እዚያ ከገባ አሥራ አምስት ዓመት አልፎታል። እኛ ቅዳሜ ቅዳሜ ቡና ልንጠጣ እንደምንወጣ እሱ ተኩስ ሜዳ ይሄዳል። ቤቱ ውስጥ በቁልፍ የሚዘጋ የብረት ቁም ሳጥን አለው። ከፍቶ ሲያሳየኝ አራት ጠመንጃ ቆመዋል፣ አራቱም ሊቨር። ታውቁታላችሁ፣ ካውቦይ ፊልም ላይ ከቃታው ሥር ያለችውን የብረት ቀለበት ወደ ታች ገፋ አድርገው መለስ ሲያደርጓት ቀለሁ ዘሎ የሚወጣው። ልጅ ሆኜ አዲስ ከተማ ሲኒማ ስገባ ታሪኩን አልከታተልም ነበር። የምጠብቀው ያችን "ቀጭ ቀጭ" የምትል ድምፅ ነው።

መጀመሪያ የሰጠኝ ሞዴል 94 የሚባለውን ዊንቸስተር ነው። አባቴ ሳይወለድ የተሠራ። እንጨቱ በእጅ ብዛት ለስልሶ የድሮ መጥረቢያ እጀታ መስሏል። ቀጭን ነው፣ መሀሉን በአንድ እጅ ይዘኸው ብትሄድ ከዘራ የያዝክ ነው የሚመስልህ። ተኮስኩ። መታኝ፣ ግን አልከፋም። ቀለበቷን ስገፋ ቀለሁ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ዘለለና ኮፍያዬ ላይ አረፈ። እንደ ሕፃን ሳቅሁ።

ቀጥሎ ሁለተኛውን አመጣ። ማርሊን ይባላል፣ ጥይቱ 45-70 የሚሉት ሲሆን አውራ ጣቴን ያህላል። "ጠበቅ አድርገህ ያዘው" አለኝ። እኔ ደግሞ እንዳይመታኝ ፈርቼ ሰደፉን ከትከሻዬ ትንሽ ፈቀቅ አደረግኩት። በቅሎ የረገጠችኝ መሰለኝ። የሰጠኝ አምስት ጥይት ነበር፣ አምስቱንም ጨረስኩ፣ ለምን እንደጨረስኩ አትጠይቁኝ። ማታ ሸሚዜን ሳወልቅ ትከሻዬ በልዟል። አገር ቤት ስገባ ወደ ቢጫ ተለውጦ ነበር። እናቴ አይታው "ማን ነው የደበደበህ?" ብላ ልታለቅስ ደረሰች።

እና ነገሩ ይህ ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት ወር ሆኖ ቤቴ ቁጭ ብዬ ቴሌቪዥን እያየሁ ቀኝ እጄ ባዶ አየር ላይ ያችን ቀለበት ሲገፋ እይዘዋለሁ። ሚስቴም ታዝባኛለች። የጦርነት ወሬ ሲነሳ ክፍሉን ጥዬ የምወጣ ሰው ነኝ እኮ። ታዲያ ይሄ ምን የሚሉት ፍቅር ነው? ርግጫውስ ይለመዳል ወይስ እኔ ለዚህ አልተፈጠርኩም?

ሌላም አለ። ከሰንዳፋ ወጣ ብሎ አጎቴ ቤት የአያቴ ውጅግራ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ልጅ ሆነን ክረምቱን እዚያ ስናሳልፍ የምንተኛው ከሥሩ ነበር። አጎቴ የቀበሌ ወረቀት አለኝ ይላል። ጥይት ከተገኘ አንድ ጊዜ ብቻ ብተኩሰው ምን ይላችኋል? አንድ ጊዜ ብቻ።


ቀለህ ለቃሚው (ለቡ)

ወንድሜ፣ ያዘህ። በቃ።

እኔ ጠመንጃ የለኝም፣ እንዲኖረኝም አልፈልግም። የምሰበስበው ባዶ ቀለህና የድሮ የጠመንጃ ካታሎግ ነው፣ ስለዚህ ከኔ የምትሰማው የወረቀት ሰው ወሬ ነው። ግን ስለ ሊቨር ካነሳህ ዝም ብዬ አላልፍም።

የዚህ ነገር አባት እ.ኤ.አ. በ1860 የወጣው ሄንሪ ነው። በዚያን ጊዜ አብዛኛው ወታደር በአፈሙዙ በኩል ባሩድ እያፈሰሰ እርሳስ እየጠቀጠቀ አንድ አንድ በሚተኩስበት ዘመን ይሄ አሥራ ስድስት ጥይት በቱቦ ውስጥ ይይዝ ነበር። አሥራ ስድስት ጎራሽ በለው። ችግሩ የሚሞላው ከፊት፣ ቱቦውን ከፍተህ ነው። በ1866 ዊንቸስተር ከጎኑ ትንሽ በር አበጀለትና እየተኮስክ በመሀል መሙላት ተቻለ። ያንተ አክስት ልጅ ጠመንጃ ላይ በቀኝ በኩል በአውራ ጣት የሚገፋ ቅጠል የመሰለ ብረት አይተህ ከሆነ፣ እሱ ነው። ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ አልተለወጠም።

የሚገርመው ግን ትልልቆቹ ጦሮች ብዙም አልወደዱትም። ቱርኮች ሃምሳ ሺህ ያህል የ1866ቱን ገዝተው በ1877 ፕሌቭና ላይ ሩሲያውያንን እንደ በረዶ አወረዱባቸው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀድሞ አሜሪካ ውስጥ ሊትል ቢግሆርን ላይ የላኮታና የሸየን ተዋጊዎች በሄንሪና በዊንቸስተር ሲተኩሱ የመንግሥቱ ወታደር የያዘው አንድ ጎራሽ ነበር። እንዲያም ሆኖ አልተወደደም። መሬት ላይ ተኝተህ ቀለበቷን ወደ ታች ለመግፋት ቦታ የለህም፣ አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ሌላው ደግሞ ቱቦው ነው። ጥይቶቹ አንዱ ካንዱ ኋላ ተሰልፈው ነው የሚቀመጡት። የጥይቱ ጫፍ ሹል ከሆነ የፊተኛውን ጥይት መቀጣጠያ ይነካል፣ ጠመንጃው ሲነቀነቅ እዚያው ቱቦው ውስጥ ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚህ የሊቨር ጥይት አፍንጫው ጠፍጣፋ ነው። ጠፍጣፋ ጥይት ደግሞ ሩቅ አይሄድም።

አንተ የተኮስከውን 94ቱን የነደፈው ጆን ብራውኒንግ ነው፤ ከሰባት ሚሊዮን በላይ ተመርቷል። ሰብሳቢዎች በ1964 መስመር ያሰምራሉ። በዚያ ዓመት ፋብሪካው ወጪ ለመቀነስ ብሎ አሠራሩን ቀየረ፣ በማሽን ተፈልፍሎ ይወጣ የነበረው አንዳንዱ ዕቃ በቆርቆሮ መልክ ተመትቶ የሚወጣ ሆነ። ከዚያ በፊት የተሠራውን የያዘ ሰው ይኮራል። የአባትህ ዕድሜ ላይ ስላለ ያንተው ከደህናዎቹ ነው ማለት ነው።

ወደኛ ልምጣ። ውጅግራ የሚለው ስም ራሱ "ፉዚል ግራ" ከሚለው የፈረንሳይኛ ስም ነው የመጣው፣ ግራ የሚባል መኮንን የሠራው ጠመንጃ ማለት። የ1874 ሞዴል፣ አንድ ጎራሽ። ለሊቨር ቅርብ ዘመድ የሚሆነው እኛ ጋ ለበን ነው። ቀለበት የለውም፣ በመቀባበያ ነው የሚሠራው፣ ግን ከአፈሙዙ ሥር እንደ ዊንቸስተሩ ስምንት ጥይት የሚይዝ ቱቦ አለው። በ1886 ሲወጣ ጭስ አልባ ባሩድ የተጠቀመ የመጀመሪያው የጦር ጠመንጃ እሱ ነበር። የጥይቱ ቀለህ ደግሞ የውጅግራው ቀለህ አንገቱ ጠቦ የተሠራ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ ሳያቸው አባትና ልጅ ይመስሉኛል።

የሱሉልታ ሰው ስለሆንክ አንድ ነገር ልጨምርልህ። ወደ ከተማ ስትወርድ እንጦጦን ትሻገር የለ? በእኛ አቆጣጠር በ1879 ዓ.ም. ፈረንሳዊው ገጣሚ አርቱር ራምቦ ከታጁራ በግመል ያስጫነውን ሁለት ሺህ ገደማ አሮጌ ጠመንጃ ለምኒልክ ሊሸጥ እዚያ ተራራ ላይ ድረስ መጥቷል። ምኒልክ ዋጋውን ቆርጠው ቆራርጠው አሰናበቱት። ሰውየው ግጥም ካቆመ ቆይቶ ነበር። ንግዱም አልሆነለትም።


ፊዚክስ አስተማሪው (ቡራዩ)

ታሪኩን ለቀለህ ለቃሚው ትቼ ስለ ትከሻህ ልናገር። ርግጫ የሚያስፈራ ነገር ሳይሆን የሂሳብ ነገር ነው። ለተማሪዎቼ በዚሁ ምሳሌ ባስተምር እንዴት በወደዱኝ፣ ርእሰ መምህሩ ግን አይፈቅድልኝም።

እርሳሱ ወደ ፊት የሚሄድበትን ያህል ጠመንጃው ወደ ኋላ መሄድ አለበት። የ94ቱ እርሳስ 11 ግራም ያህል ነው፣ በሴኮንድ 670 ሜትር ይወጣል። ጠመንጃው 3 ኪሎ ከትንሽ ነው። የእርሳሱን ክብደት በፍጥነቱ አባዝተህ ለጠመንጃው ክብደት አካፍለው፤ ጠመንጃው በሴኮንድ 2.4 ሜትር ወደ ትከሻህ ይመጣል። የማርሊኑ እርሳስ ደግሞ 26 ግራም ነው እንበል፣ ፍጥነቱ ወደ 400 ሜትር፣ ጠመንጃው 3.3 ኪሎ። ይሄኛው በ3.2 ሜትር ይመጣብሃል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል አይደል? ግን የሚመታህ ጉልበት በፍጥነቱ ካሬ ነው የሚያድገው። ስታሰላው ሁለት እጥፍ ሊሞላ ምንም አይቀረውም። ያውም የባሩዱን ጋዝ ሳልጨምር ነው፣ እሱም የራሱን ግፊት ያክላል።

በነገራችን ላይ 45-70 ሲሉ 45ቱ የእርሳሱ ውፍረት ነው፣ በኢንች መቶኛ። 70ው ደግሞ በድሮው ጊዜ የሚሞላው ጥቁር ባሩድ ነው፣ በግሬይን በሚሉት ሚዛን፣ አራት ግራም ተኩል ገደማ።

አንተ የሠራኸው ስህተት ሰደፉን ማራቅህ ነው። ትከሻህ ላይ ጥብቅ ካለ አንተና ጠመንጃው አንድ አካል ትሆናላችሁ፣ 3 ኪሎ ሳይሆን ከነክብደትህ ነው የሚገፋው። ካራቅከው ግን ጠመንጃው ለብቻው ፍጥነት ይዞ መጥቶ ይመታሃል። በር ላይ ተደግፈህ በሩ ቢገፋህና ራቅ ብለህ ቆመህ በሩ ተወርውሮ ቢመታህ አንድ ነው? አይደለም።


የሰበታዋ

የሁላችሁንም አነበብኩ። ደስ ይላል፣ እውቀት ነው። ግን እኔም የምለው አለኝ።

እኛ ቤት ምንሽር ነበረ። አባዬ ይወደው ነበር፣ ከልጆቹ በላይ ነው ስንል እንቀልድ ነበር። እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነጠላውን ሳያወልቅ በረንዳ ላይ ጋቢ ያነጥፍና ይፈታታዋል። ጨርቅ በሞራ ነክሮ ሲወለውለው ሽታው እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ላይ አለ። ያኔ እሱን ማየት ደስ ይለኝ ነበር። እጁ ቀስ ይል ነበር፣ ሌላ ጊዜ ቁጡ ነው።

የታላቅ እህቴ ሠርግ ዕለት ሙሽራው ሲመጣ አባዬ በደስታ ወደ ላይ ተኮሰ። ወንድሜ የሰባት ዓመት ልጅ ነው፣ ከጎኑ ቆሞ ሱሪውን ይዞ ነበር። ሁሉም እልል አለ። ልጁ ጆሮውን ይዞ ቁጭ አለ፣ ማንም አላየውም። እኔ ነኝ ያየሁት፣ የድግሱ ጠላ እየቀዳሁ። ዛሬ አርባ ዓመት አልፎታል፣ በግራ ጆሮው አይሰማም። ስናወራው ሁልጊዜ በቀኝ በኩል ነው የምንቀመጠው፣ ልማድ ሆኖብን እንግዳ ሲመጣ እንኳ ወንበሩን እንደዚያ እናስተካክላለን።

አባዬ ከዚያ በኋላ አልተኮሰም። ግን አልሸጠውም። እሁድ እሁድ መወልወሉን ቀጠለ። አባዬ ካረፈ በኋላ እኛ ልጆቹ ተነጋግረን ለመንግሥት አስረከብነው። ሲወስዱት አለቀስኩ፣ ለምን እንዳለቀስኩ ለራሴም አይገባኝም። ስለዚህ ወንድሜ፣ "ምን የሚሉት ፍቅር ነው" ስትል ገባኝ። እብድ አይደለህም። ግን እባክህ ልጆች ባሉበት ቤት ነገሩን ቀላል አታድርገው። ተኩስ ሜዳ ላይ ጆሮህን ሸፍነህ ነበር አይደል? እሱን እንኳ አልጻፍክም።


ዲሲ ዙሪያ

እኔም እዚያው ያንተ አክስት ልጅ ሰፈር ነኝ ማለት ይቻላል፣ ምናልባት እንተዋወቅ ይሆናል ሃሃ።

እዚህ አንድ አስቂኝ ነገር አለ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ አስመጪ ከኢትዮጵያ መጋዘን ውስጥ የተከማቸ አሮጌ ጠመንጃ በገፍ ገዝቶ አመጣ። ውጅግራው፣ ሬሚንግተኑ፣ የጣሊያን ቬተርሊው፣ በልጅጉ፣ ሁሉም አለ። የአሜሪካ ሰብሳቢዎች ተረባረቡበት። እ.ኤ.አ. ከ1899 በፊት የተሠራ ጠመንጃ በፌዴራል ሕጋቸው እንደ ጥንታዊ ዕቃ ነው የሚቆጠረው፣ ስለዚህ ውጅግራ እንደ ጫማ በፖስታ በርህ ድረስ ይመጣልሃል።

እኔም አንድ አዘዝኩ። ካርቶኑን ስከፍት ሰደፉ ተሰንጥቆ በጥሬ ቆዳ ተጠፍሯል። ቆዳው እርጥብ ሆኖ ተሰፍቶ ሲደርቅ አጥብቆ የያዘው፣ እንደ ከበሮ። ጎረቤቴ አሜሪካዊው ሰብሳቢ አይቶት "ያሳዝናል፣ ተበላሽቷል" አለኝ። እኔ ደግሞ እሱን ቆዳ እያየሁ ነው ሶፋዬ ላይ ግማሽ ቀን የዋልኩት። የማን እጅ ነው የጠፈረው? የት? አንድ ሰው ሊጥለው አልቻለም፣ ሌላ ሊገዛ አልቻለም፣ ስለዚህ ጠገነው። ቆዳውን ፈትተህ እንጨቱን በሙጫ አጣብቀው የሚሉኝ አሉ። አልነካውም።

ሊቨርም አለኝ፣ ሁለት። ደስ ይላሉ፣ እተኩሳቸዋለሁ። ውጅግራውን ግን አንድም ጊዜ ተኩሼው አላውቅም። ፈርቼ አይደለም። እንጃ፣ ብቻ አልተኮስኩትም።


ጡረተኛው መቶ አለቃ (ለገጣፎ)

የሱሉልታው ልጅ፣ ልጄ፣ ሁሉንም አንብቤ ነው የምጽፍልህ። ጣቴ ስልኩ ላይ ቀርፋፋ ነው፣ ታገሠኝ።

ርግጫ ይለመዳል። የማይለመደው ፍርሃቱ ነው፣ እሱ ይደበቃል እንጂ አይጠፋም። ምልምል ስናሠለጥን ከእውነተኛው ጥይት መሀል ባሩድ የሌለውን የልምምድ ጥይት እንቀላቅልበት ነበር። ልጁ ሳያውቅ ቃታውን ይስባል፣ ጥይቱ አይተኩስም፣ አፈሙዙ ግን ወደ ታች ድፍት ይላል። ጠመንጃው አልመታውም፣ እሱ ነው የተመታ መስሎት የደነገጠው። ሁሉም ይስቅበታል፣ በሚቀጥለው ተራ ደግሞ የሳቀው ራሱ ይደፋል። አንተም ሦስተኛውን ጥይት ስትተኩስ ዓይንህ ሳይዘጋ አልቀረም።

ሌላው የሰደፉ ነገር ነው። በጣም የድሮዎቹ ሊቨሮች ሰደፋቸው ጫፉ እንደ ግማሽ ጨረቃ የጎደጎደ ብረት ነው። ያንን የደረትህ ጎን ላይ ካስቀመጥከው ሁለቱ ቀንዶች ይወጉሃል። የተሠራው ክንድህ ላይ፣ ከትከሻው መገጣጠሚያ ውጭ እንዲቀመጥ ነው፣ ክርንህን ከፍ አድርገህ። ያለ አቀማመጡ ተይዞ ነው ብዙ ሰው "ክፉ ጠመንጃ" የሚለው።

የጥቁር ባሩድና የዛሬው ባሩድ አመታትም አንድ አይደለም። ጥቁሩ ይገፋል፣ እንደ ጎረምሳ በሬ። የዛሬው ይመታል፣ እንደ ጥፊ። ውጅግራ 25 ግራም እርሳስ ነው የሚተፋው፣ ግን ከአራት ኪሎ በላይ ስለሚመዝን ግፊቱን ሆዱ ይችለዋል። ጥቁር ባሩድ ሌላ ጣጣ አለው። የሚተወው ጥቀርሻ እርጥበት ይስባል፣ አንድ ሌሊት ሳይታጠብ ካደረ ብረቱን ይበላዋል። የድሮ ሰዎች ፈልቶ የወረደ ውኃ በአፈሙዙ ያፈሱ የነበረው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ አያትህ ውጅግራ። አትተኩሰው። "አንድ ጊዜ ብቻ" የሚለውን ቃል በሥራ ዘመኔ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። የብረቱን ውስጥ አታውቀውም፣ መቀባበያው ምን ያህል እንደላላ አታውቅም፣ ጥይት ብታገኝ እንኳ ማን መቼ እንደሞላው አታውቅም። የሚፈነዳው ደግሞ ፊትህ አጠገብ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን፦ ይሄ ጠመንጃ ባዶ መሆኑን ያየ ሰው አለ? "ባዶ ነው" ብሎ የነገረህን ሰው አይደለም የምጠይቅህ። ከፍቶ ያየ?


አንድ የሕግ ሰው

አጭር ነው የኔ። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ የጦር መሣሪያ መያዝ ወንጀል ነው፣ የቆየ ነው፣ የአያቴ ነው የሚባል ነገር አያድንም። የድሮ የቀበሌ ወረቀት ብቻውን አይበቃህም፣ አጎትህ ሄዶ ያጣራ። ዊንቸስተር በሻንጣ ይዤ እመጣለሁ ብለህ የምታስብ ከሆነ ደግሞ ቦሌ ላይ ነው የሚያልቅልህ፣ ከዚያ በኋላ የምትደውልልኝ ለእኔ ነው።


የሱሉልታው ልጅ

ኧረ በሻንጣ ይዤ አልመጣም! ማየትና መተኮስ ሌላ ነው፣ ማምጣት ሌላ።

የሰበታዋ፣ አዎ እህቴ፣ ጆሮ መሸፈኛ ሰጥቶኝ ነበር። ያንቺን ካነበብኩ በኋላ ለወንድሜ ልጆች ደውዬ የማይረባ ነገር አወራሁ፣ ዝም ብዬ ድምፃቸውን ልስማ ብዬ።

ጋሼ መቶ አለቃ፣ ከፍቶ ያየ ሰው የለም። አጎቴን ጠየቅሁት፣ "ባዶ ነው እንጂ" አለኝ። "አይተኸዋል?" አልኩት። "አባዬ ባዶ ነው ብሎኛል" አለ። አያቴ ካረፈ ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው።


ጡረተኛው መቶ አለቃ (ለገጣፎ)

ከለገጣፎ ሰንዳፋ ቅርብ ነው። እሁድ እመጣለሁ። እስከዚያ ማንም እንዳይነካው፣ አልጋው ላይም ማንም እንዳይተኛ።


የሱሉልታው ልጅ

ቃል በገባሁት መሠረት የሆነውን ልጻፍላችሁ።

ጋሼ እሁድ ረፋድ ላይ ደረሱ። እኔ ወፍራም ሰው ጠብቄ ነበር፣ ቀጭን ናቸው፣ የሱፍ ኮታቸውን ቆልፈው፣ የሸምበቆ ዘንግ ይዘው። አጎቴ በጉ ይታረድ አለ፣ እሳቸው "መጀመሪያ ሥራ" አሉ። ቤቱን ሁሉ አስወጡት። ጠመንጃውን ከግድግዳው ያወረዱት ራሳቸው ናቸው፣ አፈሙዙን ወደ ማሳው አዙረው፣ ጓሮ አግዳሚ ላይ አጋደሙት።

አፈሙዙ በጨርቅ ተወትፏል። ጨርቁ ሲወጣ የሞተ ተርብ ከነጎጆው ተከትሎት ወጣ። መቀባበያው ዝጎ አልነቃነቅ አለ፣ አላስገደዱትም። ከዚያ ከጎን ቆመው፣ ፊታቸውን ከአፈሙዙ ፊት አርቀው፣ ሸምበቆውን ቀስ ብለው አስገቡ። የቆመበትን ቦታ በጥፍራቸው ምልክት አደረጉበት። አወጡና በውጭ በኩል ከጠመንጃው ጎን አስተኙት።

ሸምበቆው መቀባበያው ጋ አልደረሰም። አራት ጣት ጎድሏል።

ጋሼ ምንም አላሉም። አራት ጣታቸውን ክፍተቱ ላይ አድርገው አሳዩን። እኔ ያሰብኩት የአልጋውን ራስጌ ነው። ከአፈሙዙ በታች የነበረው የእኔ ትራስ ነው፣ እህቴ በእግሬ በኩል ነበር የምትተኛው።

ወደ ፖሊስ ደወልን፣ ከሰዓት መጡ፣ ወስደው አስከፈቱት። በማግስቱ አጎቴን ጠርተው አሳዩት። ጥይት ነበር፣ ከነቀለሁ፣ እርሳሱ ላይ የተጠቀለለው ወረቀት እንኳ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም አሉ። ጠመንጃው አሁን እነሱ ዘንድ ነው፣ የፈቃዱ ነገር ገና አላለቀም፣ የሕግ ሰው የነገርከኝን ሁሉ እያደረግን ነው። ግድግዳው ላይ የጠመንጃው ቅርጽ ነጣ ብሎ ቀርቷል፣ በዙሪያው ያለው ጭስ ያጠቆረው ነው።

እጄ አሁንም አልፎ አልፎ ቀለበቷን ይገፋል፣ አልዋሻችሁም። የአክስቴ ልጅ ለመጪው ክረምት ና ብሎኛል፣ እሄዳለሁም። ማርሊኑን ግን ጠበቅ አድርጌ ነው የምይዘው።

አያቴን፣ የአያቴን ባለቤት ማለቴ ነው፣ ዘጠና ልትደፍን ነው፣ በጉ ተበልቶ ቡናው ሲፈላ ጠየቅናት። እማማ፣ ጠመንጃው ጥይት እንዳለበት ታውቂ ነበር? አልናት። ስኒዋን አላስቀመጠችም። "ታዲያ ባዶ ጠመንጃ ምን ሊያደርግ ይሰቀላል?" አለች።